እጁን ከማዕድ መመለስ ያቃተው የስኳር ሕመምተኛ፦ ወንጀለኛ ነው ወይስ በሽተኛ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

«ስኳርህ ለምን ከፍ አለ?» «ስለበላህ ነዋ!»

ይህ ጥያቄና መልስ በየጤና ተቋሙና በየቤቱ ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጠያቂው ሐኪም ሊሆን ይችላል። ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም አብሮ የሚሰግድ ወንድም ሊሆን ይችላል። የሚገርመው ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ሕመምተኛው ገና አፉን ሳይከፍት ፍርዱ ተሰጥቷል። ሆዳም ነው፤ ነፍሱን መግዛት አቅቶታል፤ አላህ (ሱ.ወ.) በአደራ የሰጠውን አካል በገዛ እጁ እያጠፋ ነው ተብሏል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? እየጎዳው መሆኑን እያወቀ፣ እያለቀሰም ጭምር፣ መብላቱን ማቆም ያቃተው ሰው በአላህ ዘንድ እንደ ሆዳም ይቆጠራልን? ወይስ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ሊታዘንለትና ሊታከም ይገባዋል? ሕመምተኛ ነው ካልንስ፣ ነፍስን መታገል የሚባለው ትልቁ ኢስላማዊ ግዴታ የት ሊገባ ነው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል።

ጉዳዩን ከትልቅ ከተማ ሳይሆን ራቅ ካለ ስፍራ ብንጀምረው ይሻላል። ሰዎች «ይህ የጠገበ ሰው፣ የአዲስ አበባ ሀብታም ሕመም ነው» እያሉ ያጣጥሉታልና። እንግዲያው ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ወደ ቱርሚ እንሂድ። ቱርሚ በሐመር ምድር ያለች ሞቃት የቆላ ከተማ ናት። ከጂንካ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው የራሱን ባህላዊ እምነት የሚከተለው የሐመር ብሔረሰብ ሲሆን ኑሮው በከብት፣ በፍየልና በማሽላ ላይ የተመሠረተ ነው። ሰኞ ሰኞ ገበያ ይቆማል። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ቀብተው ማሽላ፣ ማርና የቡና ገለባ ይዘው ይመጣሉ። በመንገዱ ዳር ባሉት ሱቆች ደግሞ ስኳር፣ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይሸጣል።

በዚህች ከተማ አንድ ነጋዴ አሉ ብለን እናስብ። ስም የላቸውም፤ ለምሳሌ የተፈጠሩ ሰው ናቸውና። ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነው፤ ስኳር ካለባቸው ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ «ስኳር አይንኩ፣ ዳቦ ይተዉ፣ ፓስታ እንዳያዩ» ብሏቸዋል። ከቤተሰብ ጋር ሲቀመጡ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ባለቤታቸው «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው» ይላሉ። ሌሊት ግን ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ እሳቸው በጨለማ ብስኩቱን ፓኮ በፓኮ ይከፍታሉ። አይጣፍጣቸውም፤ አልራባቸውም፤ ነገር ግን አይቆሙም። ሆዳቸው እስኪያማቸው ይበላሉ። ወረቀቱን ሰው እንዳያይባቸው ከቆሻሻው ሥር ይደብቁታል። ከዚያም ተውበት ያደርጋሉ፤ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ይላሉ። በማግስቱ ለቅጣት ምግብ አይቀምሱም። ሰኞ ከሆነ ደግሞ የሱና ጾም ይጾማሉ፤ ያውም የስኳር ኪኒናቸውን ውጠው። ያን ቀን ገበያ ነውና ከጠዋት እስከ ማታ ብስኩትና ስኳር ሲሸጡ ይውላሉ። ማታ እንደገና ያው ይሆናል።

እኚህ ሰው ሆዳም ናቸውን? ከዚያው ከደቡብ ኦሞ ሌላ ምሳሌ እናምጣና እናነጻጽር። በሰላማጎ ወረዳ የሚኖሩት የቦዲ ሰዎች ካኤል የሚባል በዓል አላቸው። ለዚህ በዓል የተመረጡ ወጣት ወንዶች ለወራት ያህል ከሥራ ርቀው፣ ከሰው ተለይተው፣ ብዙ ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ሰውነታቸውን ያወፍራሉ። በበዓሉ ቀን አደባባይ ይወጣሉ፤ ከሁሉ የወፈረው በሕዝቡ ፊት ይከበራል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደ ተለመደ አመጋገባቸው ይመለሳሉ፤ ሆዳቸውም ይጎድላል። ደምን መጠጣት በሸሪዓችን ሐራም ስለሆነ ልማዱ የእኛ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያስተምረናል። የቦዲው ወጣት ከቱርሚው ነጋዴ የበለጠ ይወስዳል። ግን በፈቃዱ ይጀምራል፤ በፈቃዱ ያቆማል፤ በአደባባይ ያደርገዋል፤ አያፍርበትም። ነጋዴው ደግሞ ከእሱ ያነሰ ይበላሉ፤ ግን ይደበቃሉ፣ ያፍራሉ፣ ማቆም አይችሉም። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በመጠኑ ላይ አይደለም፤ ፈቃድን በማጣት ላይ ነው።

የሕክምና ሳይንስም የደረሰበት እዚሁ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ስተንካርድ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ዓይነት አመጋገብ በጽሑፍ ገለጸ። ብዙ ዓመታት አልፈው እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። የአሜሪካኖቹ መለኪያ እንዲህ ነው። ሰውየው በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሌላ ሰው በዚያ ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የሚበልጥ ይበላል፤ ሲበላም ማቆም እንደማይችል ይሰማዋል። ከተለመደው ፈጥኖ መብላት፣ እስኪያም ድረስ መብላት፣ ሳይራቡ ብዙ መብላት፣ በሐፍረት ምክንያት ለብቻ መብላት፣ ከዚያ በኋላ ራስን መጸየፍና መጸጸት ከሚሉት ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ ይታዩበታል። በሳምንት ቢያንስ አንዴ ሆኖ ሦስት ወር ይዘልቃል፤ ሰውየውንም ክፉኛ ያስጨንቀዋል። በዒድ ቀን ወይም በሠርግ ላይ ከልክ በላይ የበላ ሰው ስህተት ሠርቶ ይሆናል፤ ይህ ሕመም አለበት ግን አይባልም።

ሕመሙ የስኳር በሽተኛን ሲይዝ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም የስኳር በሽታ ራሱ የሚያስርብ በሽታ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን ሲያቅተው ስኳሩ በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ወደ ሰውነት ሕዋሳት አይገባም። ሕዋሳቱ በተትረፈረፈ ምግብ መካከል ይራባሉ። በሌላ በኩል ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ቢዘገይበት ስኳሩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ኃይለኛ ረሃብ ይመጣል። ይህ የነፍስያ ጉዳይ ሳይሆን ሕይወትን ለማዳን የሚጮኽ የሰውነት ጥሪ ነው። ስለዚህ «መብላት ማቆም አቃተኝ» የሚል የስኳር ሕመምተኛ በመጀመሪያ ሊደረግለት የሚገባው ምክር ሳይሆን ልኬት ነው። በዚያች ሰዓት ስኳሩ ስንት ነበር? ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ እንደገና ይለካ፤ ካልተስተካከለ ይድገም። ብዙ ሰው እነዚያን አሥራ አምስት ደቂቃዎች መጠበቅ አቅቶት በፍርሃት ጓዳውን ሙሉ ይጨርሳል፤ ከዚያም ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። ይህ የሚደጋገም ከሆነ ጥፋቱ ያለው በመድኃኒቱ መጠን ላይ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከፍ ያለ ስኳር ሁልጊዜ የመብላት ማስረጃ አለመሆኑንም ልብ እንበል። መድኃኒት ሲያልቅ፣ ሌላ ሕመም ሲገባ፣ ጭንቀት ሲበዛ ስኳር ይወጣል። እንደ ቱርሚ ባለ ሞቃት አገር በአግባቡ ሳይቀመጥ የቀረ ኢንሱሊን ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ያልበላን ሰው «በልተሃል» ብሎ መወንጀል በሙስሊም ላይ መጥፎ ጥርጣሬ ማሳደር ነው፤ ይህም በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ ነው።

«በድርቅ በሚፈተን አገር ስለ መብል ብዛት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉም አይጠፉም። እነዚህ ወገኖች ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ የስኳር በሽታ የጥጋብ በሽታ ብቻ አይደለም። በድሃ አገሮች በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም እንዳለ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል፤ በአገራችንም በጎንደር አካባቢ በሚታከሙ የገጠር ሕመምተኞች ላይ ተጠንቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መዝግቦት በ1999 ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ስንት ቀጭን ገበሬ «ጣፋጭ ስላበዛህ ነው» ተብሎ ይሆን? ሁለተኛ፣ ረሃብና ያለ ልክ መብላት ጠላቶች ቢመስሉም ጎረቤታሞች ናቸው።

ለዚህ ማስረጃ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አቆያቸው። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ስለ ምግብ ብዙ የማያስቡ ነበሩ። በረሃቡ ወቅት ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ምግቡ ሲመለስላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ እያመማቸው እንኳ ማቆም አልቻሉም፤ በልተው ሳይጨርሱ እንደራባቸው ይናገሩ ነበር። እንግዲህ ጤነኛና በመንፈሱ የጠነከረ ሰው በረሃብ ብዛት እንዲህ ከሆነ፣ «ይህን አትንካ፣ ያንን እንዳታይ» ተብሎ የኖረና ለጥፋቱ ራሱን በረሃብ የሚቀጣ የስኳር ሕመምተኛ ምን ይሁን? የነጋዴውን ሌሊት ያመጣው ቀናቸው ነው። ተቆጣጠርኩት ያሉበት ረሃብ ራሱ ነው የሚጥላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ልናልፈውም አይገባም። «እንዲህ ከሆነ የሰው ጥፋት ሁሉ በሽታ ሊባል ነው፤ ሰካራሙም፣ ሌባውም ‹አቃተኝ› ይላል። ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ ላይ መብላትን ፈቅዶ ወሰን ማለፍን ከልክሏል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ እንዲከፈል መክረዋል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ የሆድንና የፍትወትን ስሜት ስለ መስበር አንድ ሙሉ ክፍል ጽፈዋል። ይህን ሁሉ ትታችሁ ‹ሐኪም ዘንድ ሂድ› ልትሉን ነውን?» ይሉናል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሸሪዓ ተጠያቂነትን ከችሎታ ጋር አስሮታል። አላህ (ሱ.ወ.) ነፍስን ከችሎታዋ በላይ እንደማያስገድድ በሱረቱል በቀራህ መጨረሻ ተነግሮናል። በዚያው ሱራ ለበሽተኛ የረመዷንን ጾም እንኳ አግርቶለታል። ረመዷን ከኢስላም ማዕዘናት አንዱ ሆኖ ሳለ ሕመም ትእዛዙን ከለወጠው፣ ሕመምን ከግምት ሳያስገቡ መፍረድ ከየት የመጣ ነው? ሁለተኛ፣ የሊቃውንቱ የረሃብ ምክር ለጤነኛ ሰው የተሰጠ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ሰው ይመርጣል። ለጤነኛው ነፍሱን የሚገራበት ጾም፣ ኢንሱሊን ለሚወስድና ሌሊት ለሚወድቅ ሰው የውድቀቱ መንደርደሪያ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ነፍስን መታገል አልቀረም፤ የትግሉ ሜዳ ነው የተለወጠው። ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

ሊቃውንቶቻችን የነፍስንና የአካልን ሕመም ለያይተው ግን አቆራኝተው ማየትን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደኅንነት በጻፉት መጽሐፍ ሁለቱም እንደሚታመሙ፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም እንደሚጎዳ፣ የነፍስም ሕመም ሕክምና እንደሚገባው አስረድተዋል። ስለዚህ የሥነ አእምሮ ሕክምና ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብሎ መሸሽ የራስን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡትን አንድ ታሪክ እናስታውስ። በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ቆሰለ። ከዚያም ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ጓደኞቹን በተየሙም ማለፍ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቃቸው። እነሱም ውሃ እያለህ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ የገደሉት እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ውድ አንባቢያን፣ እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለዲን የቀኑ ነበሩ። ያጠፉት ቁስሉን ሳያዩ በመፍረዳቸው ነው። ሌሊት ከልኩ በላይ ለበላ የስኳር ሕመምተኛ «ጹም፣ ነፍስህን ቅጣት» የምንል ሁላችን ቁስሉን አይተናልን?

ሌላም አለ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ ለቅጣት ይቀርብ የነበረን ሰው አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉ፤ ያ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ያ ሰው ያደረገው ያለ ጥርጥር ሐራም ነበር። ሐራም ለሠራው እርግማን ከተከለከለ፣ ሐላል ምግብ ይዞ ለሚያለቅሰው በሽተኛ ስድብ እንዴት ይፈቀዳል?

ስድቡ በሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን በውጤቱም መጥፎ ነው። ሐፍረት ሰውን ከመብላት አያቆመውም፤ ከመናገር ነው የሚያቆመው። የሚያፍር ሕመምተኛ ስኳሩን መለካት ይተዋል፤ ቀጠሮውን ይዘላል፤ ለሐኪሙ ይዋሻል፤ ሐኪሙም በውሸቱ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ይጨምርለታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አለ። አንዳንድ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ የበሉት ሰውነታቸው ላይ እንዳይታይ ብለው ኢንሱሊናቸውን ሆን ብለው ይዘላሉ። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ክብደት ይቀንሳል፤ ደሙ ግን ይመረዛል። ማስታወክ፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ፣ መፍዘዝ ከታየ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ጂንካ ሩቅ ነው ለሚል የቱርሚ ሰው ደግሞ ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ከሁሉ የበለጠ መድኃኒት ነው።

እንግዲያው ቤተሰብ ምን ይመልከት? በማዕድ ላይ ጥቂት እየቀመሰ ክብደቱ የሚጨምር፣ ስኳሩ ያለ ምክንያት የሚዋዥቅ፣ ጓዳ ውስጥ ምግብ የሚጎድልበት፣ ወረቀት የሚደብቅ፣ ከሰው ጋር መብላት የሚሸሽ፣ ከበላ በኋላ ራሱን የሚረግም ሰው ካለ «ለምን በላህ?» አይባል። ሰው በሌለበት፣ በለሆሳስ፣ «መብላት ጀምረህ ማቆም የሚያቅትህ ጊዜ አለ? ብዙ ሰው ያጋጥመዋል አሉ» ይባል። ጥያቄው ፍርድ ከሌለበት መልሱ እውነት ይሆናል። ሐኪሞችና ነርሶችም ይህችን አንዲት ጥያቄ ከስኳር ልኬቱ ጎን ቢያስቀምጧት ብዙ ምስጢር ይፈታል። ጫት የሚቅም ከሆነም በግልጽ ይጠየቅ፤ ጫት ቀን ረሃብን ያፍናል፤ ከእሱ ጋር የሚጠጣው ሻይና ለስላሳ ስኳር ነው፤ ምርቃናው ሲበርድ የታፈነው ረሃብ ይመጣል።

ሕክምናውስ? ብዙ የተመሰከረለት አስተሳሰብንና ልማድን የሚያክም የንግግር ሕክምና ነው። መሠረቱ ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ምግብ በሰዓቱ ይበላል። ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ በመካከላቸውም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ትንሽ መክሰስ፤ ረጅም ሰዓት በባዶ ሆድ አይኬድም። ትናንት ቢወድቅም ዛሬ ቁርሱን አይተውም። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ምን እንደበላ ብቻ ሳይሆን መቼ፣ የት፣ ምን ተሰምቶት እንደበላ ይጽፋል፤ መጻፍ የማይችል ለሚያምነው ሰው ይናገራል። ቁጣ ነው? ብቸኝነት ነው? የዕዳ ሐሳብ ነው? ሦስተኛ፣ «ፈጽሞ የተከለከለ» የሚባለው ዝርዝር ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ይላላል፤ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ከወጥና ከአትክልት ጋር በማዕድ ላይ በግልጽ የሚበላ ሰው ሌሊት ሙሉ ዳቦ መስረቅ አያሻውም። አራተኛ፣ ድብርት ካለ ይታከማል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰውም ይኖራል፤ እሱን ሐኪም ይወስናል። ብዙ በላሁ ብሎ ኢንሱሊንን በራስ ግምት ማብዛት ግን ሕይወት ያጠፋል።

የሱና ጾምንና ረመዷንን በተመለከተ ሕመምተኛው ከጾሙ ወራት አስቀድሞ ሐኪምንም ዓሊምንም ያማክር። ለመጾም የተፈቀደለትም ቢሆን ስኳሩ ከ70 በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ጾሙን ይፍታ። ሲያፈጥርም በቴምርና በውሃ ጀምሮ፣ ሰግዶ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይብላ። ኢማሞቻችን በኹጥባ ላይ ስለ እስራፍ ሲናገሩ ለበሽተኛ ያለውን ርኅራኄም አብረው ቢያነሱ፣ ያፈረ ወንድም ወይም እኅት አፉን ሊከፍት ይችላል።

እኛ ጤነኞቹም ተጠያቂነት አለብን። በሶደቃና በሠርግ ላይ የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን እያወቅን «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» እያልን የምናጎርስ እኛ ነን። እምቢ ሲል የምንቀየመው እኛ ነን። ሲበላ ደግሞ ዞር ብለን «አየኸው? ራሱን ሊገድል ነው» የምንል እኛው ነን። የመጀመሪያው ጉዳት ነው፤ የኋለኛው ሐሜት ነው። የሰውን ነውር የሚሸፍን አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት በሐዲስ ተምረናል። መሸፈን ማለት ግን ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ ለብቻው ይዞ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

አሁን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። ሕመምተኛው ከተጠያቂነት ሁሉ ነፃ ነውን? አይደለም። አካል አማና ነው። ሰልማን (ረ.ዐ.) ሌሊቱን በስግደት ቀኑን በጾም ያሳልፍ ለነበረው ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ነፍሱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላት ነግሮታል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገሩን አጽድቀዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የተነገረው ለሆዳም አይደለም፤ በኢባዳ አካሉን ለጎዳ ሰው ነው። እንግዲህ ያ ነጋዴ ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ ብስኩቱን ከጀመሩ በኋላ ማቆም አይችሉ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ያላቸው ችሎታ ትንሽ ነው። ጠዋት ሲነጋ ግን ችሎታቸው ተመልሷል። ቁርስ መብላት ይችላሉ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰድ ይችላሉ። ስኳራቸውን ለክተው ቁጥሩን ሳይደብቁ መጻፍ ይችላሉ። ለባለቤታቸው «አቃተኝ» ማለት ይችላሉ። ከነፍስ ጋር የሚደረገው ትግል ያለው እዚህ ላይ ነው። ከብስኩቱ ጋር ሌሊት ከመታገል ይልቅ ከሐፍረቱ ጋር በጠራራ ፀሐይ መታገል ይበልጣል። ይህ ትግል ደግሞ ከሰው ጋር ሆነው የሚያሸንፉት እንጂ ለብቻ የሚገፉት አይደለም።

እንግዲያው ለርዕሳችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ማቆም ያቃተው ሰው በሽተኛ ነው፤ ለመዳን የሚችለውን ትንሽ እርምጃ የመራመድ ግዴታ ግን አለበት። ያቺን እርምጃ በስድብና በሐሜት የዘጋበት ሰው ከእሱ የባሰ ተጠያቂ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት አውርዷል፤ የዚህኛው መድኃኒት ግማሹ በሐኪም እጅ፣ ግማሹ በእኛ አንደበት ላይ ነው።

አላህ በሽተኞቻችንን ይፈውስልን፤ አንደበታችንንም ያርምልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።